የሽንት ቤት ምስክር

ታላቅ እህቴ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የሸሚዝ ፋብሪካ የጥራት ተቆጣጣሪ ነበረች። ጡረታ ስትወጣ ፋብሪካው አንድ ሸሚዝ ሸለማት። ገልብጣ ስፌቱን አየችና እዚያው መለሰችላቸው። ቤት ስትውል የምትፈትሸው ቢያልቅባት ትምህርት ቤት መፈተሽ ጀመረች።

መጀመሪያ የጠየቀቻት አንዲት ጎረቤት ናት፤ ልጇ ስምንተኛ ክፍልን ጨርሶ የትኛው ሁለተኛ ደረጃ ይሻላል ብላ። እህቴ ሄዳ አየችና አንድ ገጽ ጽፋ፣ ግርጌው ላይ ከአሥር ስንት እንደሚገባው አስቀምጣ ሰጠቻት። ወረቀቱ ከእጅ እጅ ዞረ። በሁለተኛው ዓመት የእሷ ወረቀት ከምትኖርበት ሕንፃ ደረጃ ሥር ካልተለጠፈ የሦስት ሕንፃ ወላጅ ልጁን አያስመዘግብም ነበር። ስሟም ተረሳና "ሚዛን" ተባለች። ፊት ለፊት "እትዬ ሚዛን" ናት፣ ዞር ስትል "ያቺ መርዝ"።

እኔ ቁልፍ ቀራጭ ነኝ። በፍተሻው ላይ ግን ሥራዬ ባል መሆን ነው። ብቻዋን የመጣች ሴት ፈታሽ ትመስላለች፤ ባል ያስከተለች ሴት ወላጅ ናት፣ በተለይ ባልየው ዝም ካለ። ዝም ማለት ላይ ማንም አያህለኝም።

ዘዴዋ ቀላል ነው። ዳይሬክተሩ የሚያሳያትን ሁሉ እያደነቀች ታያለች፣ አንዱንም አትጽፍም። መጨረሻ ላይ ሽንት ቤት ልሂድ ትልና እዚያ በር ላይ ያገኘችውን ተማሪ ታናግራለች። ሽንት ቤት በር ላይ የቆመ ልጅ ከክፍል ያመለጠ ነው፤ ያመለጠ ደግሞ ከምን እንዳመለጠ ያውቃል ትላለች። ይህን ከእሷና ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ዘንድሮ ተራው የታናሽ እህታችን ትምህርት ቤት ሆነ።

ታናሻችን የሒሳብ መምህርት ናት። ትምህርት ቤቱ የመንግሥት ነው፤ በጋራዥና በብረት መጋዘን መካከል የተሸጎጠ፣ ስምንት የመማሪያ ክፍል ብቻ ያለው። ትምህርት ጽሕፈት ቤቱ እስከ ዓርብ ስድሳ አዲስ ተማሪ ካልተመዘገበ እንደሚዘጋው፣ መምህራኑንም ክፍት ቦታ ወዳለበት እንደሚበትናቸው አስታውቋል። ባልና ልጅ የሌላቸው ከከተማ ውጭ ነው የሚላኩት። ታናሻችን ባልም ልጅም የላትም። ያላት አባታችን ነው። አልጋ ከያዘ ሦስት ዓመት ሆነው፣ ግማሽ ገላው አይታዘዘውም። ጠዋት አብልታው ትወጣለች፣ በምሳ ሰዓት አምስት ደቂቃ ሮጣ መጥታ ታገላብጠዋለች፣ ተመልሳ ሮጣ ታስተምራለች። ሰኞ ዕለት የተመዘገበው አርባ አንድ ነበር።

ማክሰኞ ሱቄ መጣች። ታላቃችንን ብትለምን ይብስባታል፣ ሦስታችንም እናውቃለን። ረቡዕ እንደምንመጣ ሰምታለች፤ እትዬ የምታየው ምኑን እንደሆነ ብቻ ንገረኝ አለችኝ። እንደማላውቅ ነገርኳት። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ቁልፎች በጣቷ እየነካካች፣

"ትናንት ሳገላብጠው አባባ ምን አለኝ መሰለህ? 'አንቺ ስትሄጂ በየትኛው ጎኔ ነው የምቀረው?'"

አንጀቴን በላችው። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም እንዲሉ፣ የሽንት ቤቱን ነገር ዘረገፍኩት። እቅፍ አድርጋ ሳመችኝና ሄደች። ያን ቀን ጥሩ ወንድም ነበርኩ።

ረቡዕ ዳይሬክተሩ በር ድረስ ወጥቶ ተቀበለን። ክራባቱ አዲስ፣ ላቡ የቆየ። ስድሳ እስኪሞላ ለመጣ ወላጅ ሁሉ እንደሚያደርገው መምህራኑን በሰልፍ አቁሟቸዋል፤ ታናሻችን ከጫፍ ቆማ እንደማታውቀን ሆናለች። ሰውየው እኔንና ታላቅ እህቴን አፈራርቆ አየና፣ ባልና ሚስት ሲዋደዱ መልካቸው እየተመሳሰለ ይሄዳል የሚባለው እውነት ነው አለ። ታላቅ እህቴ አመሰገነችው። እኔ ዝም አልኩ።

ቤተ መጻሕፍቱን አሳየን፣ መስኮቱን አሳየን፣ ተሰብሮ የተጠገነ ማይክሮስኮፕ አሳየን። ከዚያ የታናሻችን ክፍል ገባን። ሃያ ሁለት ልጆች ናቸው። አንዱ ሰሌዳው ላይ ወጥቶ እኩልታውን አበላሸ፤ ልጆቹ ሳቁ። እሷ ተሳስተሃል አላለችውም። እንዴት እዚህ ደረስክ፣ መንገዱን ንገረኝ አለችው። ልጁ መንገዱን መናገር ጀመረ፣ መሃል ላይ ሲደርስ ራሱ "ውይ" ብሎ አጠፋው። ልጆቹ እንደገና ሳቁ፣ ይሄኛው ሳቅ ግን ሌላ ነው።

ኮሪደር ላይ ስንወጣ ታላቅ እህቴ ቦርሳዋን ከፍታ ወረቀት አወጣች። ገና ሽንት ቤት ሳትሄድ ስትጽፍ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። በትከሻዋ በኩል አሾለቅኩ። "ስምንት" ይላል። ቀጥታ ወደ ቤታችን እንሂድ ማለት ነበረብኝ።

"ሽንት ቤት ልሂድ" አለች።

በሩ ላይ አንዲት ተማሪ ቆማለች። ፀጉሯ አዲስ ተሠርቷል፣ ዩኒፎርሟ የተተኮሰ፣ እጆቿ ወደ ኋላ። ሽታው አሥር እርምጃ ርቄ እንኳ ዓይኔን ያቃጥለኛል። ታላቅ እህቴ ጠጋ ብላ፣ እዚህ የማይረባው አስተማሪ ማነው ብላ ጠየቀቻት። ልጅቷ ጣሪያውን እያየች፣ መምህራኖቻቸው ሁሉ ታታሪዎች መሆናቸውን፣ በተለይ የሒሳብ መምህርታቸው እንደ እናት እንደምትሆንላቸው፣ ይህን ትምህርት ቤት የመረጠ ወላጅ እንደማይቆጭ ተናገረች። አንዴ ተሳሳተችና ከመጀመሪያው ጀመረች።

እህቴ እስክትጨርስ ጠበቀቻት።

"ጎበዝ። ከመቼ ጀምሮ ነው የቆምሽው?"

"ከመጀመሪያው ፔሬድ።"

"ማን አቆመሽ፣ የኔ ልጅ?"

"የሒሳብ ቲቸር። አሁን መሄድ እችላለሁ? ሁለት ፔሬድ አመለጠኝ፣ ራሴንም አሞኛል።"

"ሂጂ።"

እዚያው ቆማ፣ ወረቀቱን ቦርሳዋ ላይ አስደግፋ፣ ስምንትን ሰረዘችው። ወደ ቤት ስንሄድ ዋናውን መንገድ ተሻገርን። ከዚያ የሽንት ቤቱን ነገር ለታናሻችን ማን እንደነገራት ጠየቀችኝ። እኔ እንጃ አልኩ።

"አንተማ አይደለህም" አለች። "ለዚህ የሚሆን ጭንቅላት የለህም።"

ስድብ ነው፤ እንደ ምርቃት ተቀበልኩት።

ማታውኑ ወረቀቱ ደረጃው ሥር ተለጠፈ። ስለ ሃያ ሁለቱ ልጆች አንድ መስመር አለው። የቀረው እንዲህ ይላል፦ "የሒሳብ መምህርቷ ተማሪ ከትምህርት አስወጥታ ሽንት ቤት በር ላይ አቁማ ራሷን ታስመሰግናለች። ከአሥር ሁለት።" በነጋታው የሕንፃው ሴቶች ልብስ እያሰጡ "የሽንት ቤቷ ቲቸር" እያሉ ይሳሳቁ ነበር። አንዷ፣ ለገዛ እህቷ ያላዘነች ለእኛ ልጆች ምን ያህል እንደምትጠነቀቅ እዩ አለች። የሚዛን ክብር በአንድ ቀን እጥፍ ሆነ።

ሐሙስ ማታ ሦስታችን አባታችን አልጋ ዙሪያ ተገናኘን። ሾርባውን እያጠጣሁት ነበር። ታናሻችን ታለቅሳለች ብዬ ፈርቼ ነበር፣ አላለቀሰችም።

"እትዬ፣ ክፍሉን አይተሻል። ያየሽውን ጻፊ።"

"ያየሁትን ነው የጻፍኩት። ደግሞ ስምንት ሰጥቼሽ ነበር። ልጅቷን ባታቆሚያት ስምንት ነበርሽ።"

ታናሻችን "ስምንት?" አለች። ስምንቱን አታውቅም ነበር፤ እኔም አልነገርኳትም። ታላቃችን ወንበሯን ጎተት አድርጋ ቀረበች። ያን ዘዴ ያወጣ ሰው ነገ ሌላውንም እንደሚያወጣ፣ ያ ከሆነ ደግሞ ወረቀቷን የሚያምን እንደማይኖር አስረዳች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

"ስሙን ጥሪልኝ። ጥሪልኝና ወረቀቱን አሁኑኑ ወርጄ እቀይረዋለሁ። ነገ ጠዋት ሰው ይመዘገባል።"

ታናሻችን ወደ እኔ አየች። ረጅም አይደለም፤ አንድ ማንኪያ ሾርባ ከሳህን ተነሥቶ አፍ እስኪደርስ ያህል። እኔ ማንኪያውን አየሁ።

"ማንም አልነገረኝም" አለች። "እህቴ ነሽ። አውቅሻለሁ።"

"እንግዲያው በገዛ እጅሽ ነው" አለች ታላቃችን፣ ነጠላዋንም አስተካክላ ተነሣች።

"እኔ ነኝ" ማለት ሁለት ቃል ነው። ሾርባው እየቀዘቀዘ ነው፣ አባባ፣ አልኩ። እሱ አራት ቃል ነው፤ ያም ሆኖ ቀለለኝ።

ዓርብ ማታ መዝገቡ ሲዘጋ አርባ ስድስት ላይ ቆመ። ታናሻችን በአውቶቡስ የሰባት ሰዓት መንገድ ርቆ የሚገኝ ትምህርት ቤት ተመደበች። የሄደችው እሑድ ነው፣ ባንድ ሻንጣ። ተሸክሜላት መናኸሪያ ድረስ ሄድኩ። የመድኃኒቱን ሰዓት ነገረችኝ፣ የትኛው ጎኑ እንደቆሰለ ነገረችኝ፣ ስለ ሌላው አላነሣችም። ይቅርታ ልላት አፌን ስከፍት፣ የአውቶቡሱን መስኮት ዘጋችው። ብርድ ነበር፤ እንደዚያ ነው የምለው።

ታላቅ እህቴ አራተኛ ፎቅ ስለሆነች ጉልበቷም ስለማይችል አባባ ወደ እኔ መጣ። ሱቁን ከቀትር በኋላ እዘጋለሁ። እሷ ቅዳሜ ቅዳሜ ብርቱካን ይዛ ትመጣለች፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ትቀመጣለች። አባባ በየሳምንቱ ያንኑ ይጠይቃታል።

"ትንሿስ የታለች?"

"አጭበርብራ ሥራዋን አጣች፣ አባባ" ትለዋለች፣ ብርቱካኑን እየላጠች።

አባባ ወደ እኔ ዞሮ እውነት ነው ወይ በሚል ዓይን ያየኛል። እኔም ራሴን በአዎንታ እነቀንቃለሁ።