ከሞተሩ አጠገብ ተቀመጡ

ሃያ ስድስት ዓመት ፉርጎ የጠረገች ሴት ስለ ባቡር አታውቅም ከተባለ፣ የሚያውቀው ማን ሊሆን ነው? ይህን የምለው ለሩቅ ሰው አይደለም፤ ለገዛ ልጄ ነው። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። እሱ ቆጥሯል፤ ያስቆጠርኩትም እኔ ነኝ፣ በዚያው መጥረጊያ። በዚያ ሐዲድ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ባቡሩ እየሄደ እኔ እየጠረግኩ ስመላለስ ኖሬ፣ የትኛው መታጠፊያ ላይ የሰው ሻይ እንደሚደፋ፣ የትኛው የጣቢያ ኃላፊ «አሥር ደቂቃ» ሲል ሦስት ሰዓት ማለቱ እንደሆነ በቃሌ አውቃለሁ። ልጄ ግን የሚያምነው ስልኩን ነው። ሥራው መሥሪያ ቤት ተቀምጦ ዕቅድ ማውጣት ነው። ዕቅድ የሚያወጣ ሰው ደግሞ ነገሩ ሳይሆን ሲቀር የሚቆጣው ነገሩን ነው እንጂ ዕቅዱን አይደለም።

ሰኞ ጠዋት የእህቴ ልጅ ደወለች። ታናሽ እህቴ የምትኖረው በሐዲዱ ወዲያኛው ጫፍ ነው። ሐሙስ ጠዋት ሆዷን ቀዶ ሕክምና ሊያደርጉላት ቀጠሮ ይዘውላታል።

«አክስቴ፣ አንቺን ሳላይ አልገባም ብላለች። ሐኪሙ ደግሞ ከሐሙስ ካለፈ እኔ የለሁበትም አለ።»

እህቴ ስልኩን ነጠቀቻት። «እትዬ፣ ትመጫለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ታመካኛለሽ?»

«እንዳንቺ መሰልኩሽ?» አልኳት።

ሳቀች። አነጋገራችን እንዲህ ነበር፤ ሳንሰዳደብ መዋደድ አናውቅበትም። «እንደ ልማድሽ» ያለችው ለሠርጓ ነው። የሠርጓ ዕለት ተረኛ ነበርኩ፤ አለቃዬ አልለቅሽም ብሎኝ እሷ ስትዳር እኔ የሰው ትፋት ስጠርግ ዋልኩ። አርባ ዓመት ሙሉ በየምክንያቱ ታነሳብኛለች። እየሳቀች ነው የምታነሳው፤ ግን ታነሳዋለች።

የማክሰኞው ባቡር ጠዋት ተነስቶ ረቡዕ እኩለ ቀን ይደርሳል አለ ስልኩ። እኔ በልቤ ረቡዕ ማታ ብዬ ያዝኩ። እሱም ቢሆን ለእኔና አብሮኝ ለሚሄደው ልጄ ይበቃል።

ጓዜን ማዘጋጀት ጀመርኩ፦ አሥር ሊትር ውሃ በጀሪካን፣ ደረቅ ዳቦ፣ ብርድ ልብስ፣ ገመድ፣ አንድ ባዶ ጣሳ ከነክዳኑ። ልጄ በር ላይ ቆሞ ሳቀብኝ።

«እማዬ፣ ስደት ነው እንዴ? የአንድ ቀን ተኩል መንገድ እኮ ነው!»

«አንድ ቀን ተኩል ከተባለ ሦስት ቀን ያዝ።»

«እሺ፣ ገመዱስ?»

«የፉርጎው በር በራሱ ይከፈታል።»

«ጣሳውስ?»

«እሱን ስትደርስበት ታውቀዋለህ።»

ማክሰኞ ገና ሳይነጋጋ ጣቢያ ደረስኩ፤ ከትኬት ሻጩ ቀድሜ። እኔ ጣቢያ ስገባ ሰሌዳ አላይም፣ ማንበብ ብችልም አላየውም ነበር። የማየው የባቡር ሠራተኞች ሚስቶች የት እንደሚቀመጡ ነው። ባቡር ነጂ ለሕዝብ ይዋሻል፤ ለሚስቱ ግን አይዋሽም፣ ማታ የሚገባው እሷ ዘንድ ነውና። የዚያን ቀን ሁሉም ልጆቻቸውን ታቅፈው ሁለተኛው ፉርጎ ውስጥ፣ እንጨት ወንበር ላይ ታጭቀዋል። ልጄ እጄን ያዘና ወደ ኋላ ወሰደኝ። አሁንም ወደ ኋላ። እስከ መጨረሻው ፉርጎ። አዲስ ቀለም የተቀባ፣ መጋረጃ ያለው፣ ወንበሩ የሚያሰምጥ።

«እዚህ አልቀመጥም» አልኩት።

«ለምን?»

ነገርኩት። ለእናንተም ልንገራችሁ። መንገዱ መሃል ላይ አንድ ረጅም ዳገት አለ። ሞተሩ አቅም ያነሰው ቀን ባቡሩን ከወገቡ ላይ ይቆርጡታል። የፊቱን ግማሽ ይዞ ይወጣል፤ ከዚያ ተመልሶ የኋላውን ይወስዳል። ተመልሶ የሚሉት እነሱ ናቸው። እኔ ሲመለስም አይቻለሁ፣ ሳይመለስ ሲቀርም አይቻለሁ። ስለዚህ ወንበሩ እሾህ ቢሆን እንኳ ከሞተሩ አጠገብ ተቀመጡ።

«እማዬ፣ ያ ድሮ ነው። አሁን ሞተሩ አዲስ ነው» አለኝ።

«ሞተሩ አዲስ ቢሆን ዳገቱ አሮጌ ነው።»

«ወገብሽን ያምሻል ብዬ እኮ ነው ይህን ትኬት የገዛሁት! ለአንቺ ብዬ!»

ለእኔ ብሎ ነው፤ አልክድም። ቀጥዬ ልናገር ስል አንዱ ባለ ከረባት ጋዜጣውን ዝቅ አድርጎ አየን፤ አንዲት ሽቶዋ ከሩቅ የሚጣራ ሴትም ጀሪካኔን አይታ ከንፈሯን ነከሰች። ልጄ ጆሮው ቀላ። «እባክሽ ሰው ፊት አታሳፍሪኝ» አለኝ በሹክሹክታ።

እኔም አፌን ዘጋሁና ተቀመጥኩ። በዕድሜዬ አፌን የዘጋሁበት ቀን ቢቆጠር የአንድ እጅ ጣት አይሞላም። ከቀን ሁሉ ያችን ቀን መምረጤ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ገደማ ዳገቱ ሥር ደረስን። ሞተሩ አጓራ፣ አቃሰተ፣ ትንሽ ወደ ኋላ ተንሸራተተና ቆመ። አንገቴን በመስኮት አወጣሁ። ፍሬን የሚይዘው ሠራተኛ ሁለት የእንጨት ታኮ በብብቱ ይዞ ወደ እኛ እየመጣ ነው። ታኮ የያዘ ሰው ወደ ኋላ ሲመጣ ካያችሁ፣ እናንተ ወደ ፊት ሩጡ። ታኮው ከሚቀረው ፉርጎ መንኮራኩር ሥር ይገባል፤ ወደ ኋላ ተንሸራቶ እንዳይሄድ።

ጀሪካኔን አንጠልጥዬ ተነሳሁ። «ተነስ፣ ሊቆርጡን ነው!»

«እማዬ፣ ቁጭ በይ፣ ትወድቂያለሽ!»

«ተነስ እልሃለሁ!»

በሩ ጋ ደርሻለሁ፤ አንድ እግሬ ደረጃው ላይ ነው። ከኋላዬ መጥቶ ክንዴን ያዘኝ። የመሥሪያ ቤት እጅ ነው ብዬ ስንቀው የኖርኩት እጅ ብረት ሆነብኝ። ትኬት ተቆጣጣሪውን ጠራና «ምንድን ነው ችግሩ?» አለው። ተቆጣጣሪው «ፍሬን እያስተካከሉ ነው፣ አሥር ደቂቃ» አለ። ልጄ ወደ እኔ ዞሮ «ሰማሽ?» አለኝ። እሱ «ሰማሽ» ሲል እኔ የሰማሁት ሌላ ነው፤ ፉርጎን ከፉርጎ የሚያያይዘው መንጠቆ ሲላቀቅ «ቀጭ» የሚለውን። የፊቱ ግማሽ የሠራተኞቹን ሚስቶች ይዞ ቀስ እያለ ከዓይናችን ራቀ።

ወረድኩና ታኮውን የሚያስገባውን ሰው ጠየቅኩት። ስለ ባቡር መጠየቅ ከፈለጋችሁ እጁ ላይ ግራሶ ያለበትን ሰው ጠይቁ፤ ኮፍያ ያደረገውን ተዉት።

«ልጄ፣ ይመለሳል?»

ቀና ብሎ አየኝ። «እማማ፣ ውሃ ይዘዋል?»

«ይዣለሁ።»

«እንግዲያው ቀስ እያሉ ይጠጡት።»

በእግሬ ልውጣ አልኩት። ራቅ ብሎ ያለውን የተራራ ጫፍ በአገጩ አሳየኝና ከዚያ ወዲያም ቀን ሙሉ የሚያስኬድ ነው አለኝ። ድሮ ብሆን እሄደው ነበር።

ረቡዕ ነጋ። መጋረጃ ያለው ፉርጎ ውስጥ አንድ ጠብታ ውሃ አልነበረም። ባለ ከረባቱ ብርጭቆ ይዞ መጣ፤ ባለ ሽቶዋም «እናቴ፣ ለልጄ ብቻ» እያለች መጣች፣ ልጅየው ሦስት ጊዜ ጠጣ፣ ሁለቱን በእሷ ሆድ። ከንፈርሽን ነክሰሽ አልነበረም? ልላት ፈለግኩና ቀዳሁላት። ሽንት ቤቱ ተቆልፎ ቁልፉ የፊቱን ግማሽ ተከትሎ ሄዷል። ቀትር ላይ ልጄ ጎኔ መጥቶ ተቀመጠ።

«እማዬ… ጣሳውን…»

«የቱን ጣሳ?»

«እማዬ፣ እባክሽ!»

ሰጠሁት። ሌላ ቀን ቢሆን እስኪያመኝ እስቅ ነበር። ያን ቀን ግን የሐሙስን ጠዋት ነበር የምቆጥረው። ፀሐይዋን እያየሁ፣ አሁን ደርሰን ነበር፣ አሁን አልጋዋ ጫፍ ተቀምጬ እየሰደብኳት ነበር እላለሁ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ልጄ ስልክ የሚሠራበት ቦታ ፍለጋ ኮረብታው ላይ ወጣ። ጫማው አፈር ለብሶ ተመለሰ።

«የእህቴን ልጅ አገኘሃት?»

«አግኝቻታለሁ።»

«ባቡሩን ለሁለት ቆርጠው ሜዳ ላይ ጥለውን ሄዱ አልካት?»

«ነገርኳት እማዬ። ችግር የለም፣ በሰላም ኑ ብላለች።»

ይህን ሲል ዓይኑ ዓይኔ ላይ አልነበረም። ደክሞት ነው አልኩ። እናት መሆን እንዲህ ያጃጅላል፤ የሌላ ሰው ልጅ ቢሆን ያኔውኑ እይዘው ነበር። የስልኩ ባትሪ በዚያው ጥሪ አለቀ፤ ከዚያ በኋላ ለማንም አልደወልንም።

ሞተሩ የመጣው ሐሙስ ረፋድ፣ አራት ሰዓት ላይ ነው። አርብ ቀትር ላይ ደረስን።

ከጣቢያው እስከ እህቴ ቤት እኔ ነበርኩ ከፊት፤ ልጄ ባዶውን ጀሪካን ይዞ ከኋላ ይከተላል። የግቢው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ግቢው ውስጥ ከጎረቤት የመጡ አግዳሚ ወንበሮች ተደርድረዋል፤ ሰው ሞልቶባቸዋል፤ ማንም አያወራም። ጠያቂ እንዲህ አይቀመጥም።

የእህቴ ልጅ ከወንበሯ አልተነሳችም። ዓይኗ አብጦ፣ ከራሴ እስከ እግሬ አየችኝ። ከሕፃንነቷ ጀምሮ አንቺ የምትለኝ ልጅ ናት።

«እግርዎ ተሻለዎት?» አለችኝ።

«የቱ እግሬ?»

«ታመመ የተባለው ነዋ። ዛሬ ጠዋት ቀበርናት። ሐሙስ ከሰዓት ነው ያረፈችው፣ ከሰመመኑ ሳትነቃ።»

አጠገቤ ያለ ሰው ደገፈኝ መሰለኝ። «ስለ የቱ እግር ነው የምታወሪው?» አልኳት፤ ልቅሶውን ለኋላ አቆየሁት።

«ረቡዕ ጣቢያ ሄጄ ነበር» አለችኝ። «ባቡሩ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ገባ። በዓይኔ አየሁት፤ ሰው ሁሉ እየወረደ፣ ሕፃን የታቀፉ ሴቶች ሳይቀሩ። እርስዎ የሉም። በኋላ ልጅዎ ደወለ። ባቡሩ ገብቷል፣ የት ናችሁ? ስለው፣ እማዬ እግሯን አሟት የማክሰኞው አመለጠን፣ በሚቀጥለው እንመጣለን አለኝ። ለእናቴም እንደዚሁ ነገርኳት። እስከ ሐሙስ ሦስት ሰዓት ድረስ በር በሩን ስታይ ነበር።»

«ምን አለች?»

ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

«ንገሪኝ፣ ምን አለች?»

«‹ለሠርጌም አልመጣች› አለች። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረችና ‹በሉ፣ አስገቡኝ› አለቻቸው።»

እየሳቀች እንዳልተናገረችው ከልጅቱ ፊት ላይ አነበብኩት። ይህን ለማንበብ ፊደል አያስፈልግም።

ዞርኩ። ልጄ በሩ ጋ ቆሟል። አላለቀሰም፣ አልሸሸም፤ ጀሪካኑን በሁለት እጁ ደረቱ ላይ ይዞታል።

«ባቡሩ ገብቷል አለችኝ፣ እማዬ» አለ። «ታዲያ እናንተ የት ናችሁ ስትለኝ… የኋላው ፉርጎ ላይ ያስቀመጥኳት እኔ ነኝ፣ እምቢ ብላኝ ነበር፣ ልትወርድ ስትል የያዝኳት እኔ ነኝ ብዬ በስልክ እንዴት… ስንደርስ አስረዳታለሁ ብዬ ነው። እንደርሳለን ብዬ ነው።»

«ዕቅድህ እሱ ነበር?»

ጀሪካኑን ይበልጥ ወደ ደረቱ አስጠጋው።

ወልጄዋለሁ፣ በትከሻዬ አሳድጌዋለሁ፤ አሁንም ቢርበው ከአፌ አውጥቼ እሰጠዋለሁ። ግን ያቺ እህቴ እኔን ሰነፍ፣ ለራሷ ብቻ የምታስብ አድርጋ ይዛኝ ነው ወደ አፈር የገባችው። የዚህ ግቢ ሰው ሁሉ ተነስቶ ወደየቤቱ ሲሄድም እንዲሁ ይዞኝ ነው የሚሄደው፤ እህቷ እየሞተች እግሬን አለች እያለ።

«ጀሪካኑን አስቀምጥ» አልኩት።

አስቀመጠ።

«ና፣ እዚህ መሃል ቁም። በር ላይ አይደለም፣ እዚህ፤ ሁሉም የሚያይህ ቦታ። እግሬ ደህና እንደነበር ንገራቸው። ማክሰኞ ከትኬት ሻጩ ቀድሜ ጣቢያ እንደደረስኩ ንገራቸው። ከፊት እንቀመጥ ስልህ እጄን ይዘህ ወደ ኋላ እንደወሰድከኝ፣ ታኮውን አይቼ ልሮጥ ስል ክንዴን እንደያዝከኝ ንገራቸው። ስትጨርስ መቃብሯ ጋ ትወስደኛለህ፤ እዚያም አንድ ሳታስቀር ለእሷ ትደግመዋለህ። ጮክ ብለህ። በል፣ ጀምር።»