የወይን ማሳው ረዳት

ሽማግሌው ዕድሜያቸውን በአውቶቡስ ረዳትነት የጨረሱ ሰው ናቸው። ሚስታቸው ሲሞቱባቸው ልጃቸው ወደ ቤቱ ወሰዳቸው። ቤቱ ከወይን ማሳ መሀል ነው፤ ማሳውንም ምራታቸው ከእናቷ የወረሰችው ነው። ሽማግሌው ቀስ ብሎ መናገር አልፈጠረባቸውም፤ ውሃ አቀብሉኝ ሲሉ ሦስተኛው ጎረቤት ድረስ ይሰማል። ልጃቸው ያፍር ነበርና «አባባ፣ ቀስ ይበሉ» ሲላቸው፣ ሲላቸው፣ ጭራሽ ዝም አሉ።

ዝምታው ያስጨነቀው ምራታቸውን ነው። ሥራ ቢይዙ ይሻላቸዋል ብላ መቀስ ሰጥታ ወደ ማሳው አወጣቻቸው። እሳቸውም በቅን ልቦና ከአንድ ረድፍ ላይ ቅጠሉን ሙልጭ አድርገው አራገፉት። በዚያ ቆላ ፀሐይ ቀልድ አታውቅም፤ ጥላውን ያጣው ዘለላ እስኪመሽ ተጠብሶ ተጨማደደ። ምራታቸው ሳትቆጣ የደረቀውን ዘለላ ቆርጣ ጣለችው። እሳቸው ግን መቀሱን መልሰውላት በረንዳው ላይ ተቀመጡ።

«ልጄ፣ እኔ እዚህ ቤት ትርፍ ተሳፋሪ ነኝ» አሏት።

ወይኑ ሊለቀም ሳምንት ሲቀረው ወፎቹ መጡ። ወይኑን ከወፍ የሚሸፍኑበትን መረብ ፀሐይ በልታው ኖሮ ገና ሲዘረጋ ተተረተረ። ባልየው ማስፈራሪያ ይሆናል ብሎ አሮጌ ካፖርት ሰቀለ፤ ወፎቹ ትከሻው ላይ ዐረፉበት። ምራቲቱ ቆርቆሮ እየደበደበች ከረድፍ ረድፍ ብትሮጥ፣ በዚህ ስታባርራቸው በዚያ ይሰፍራሉ። ላቧና እንባዋ ተቀላቀለ። ሽማግሌው ይህን ከበረንዳው ሆነው ሲያዩ አላስችል አላቸው፤ ተነሡ።

«መጨረሻ ነው! ሁሉም ይውረድ!»

ማሳው ላይ የነበረው ወፍ በአንድ ጊዜ ግር ብሎ ተነሣ። ሽማግሌው አፋቸውን በእጃቸው ከድነው፣ አመለጠኝ ብለው ይቅርታ ጠየቁ። ምራታቸው ቆርቆሮውን ጣለችው።

«አባባ፣ ይድገሙት» አለች።

ከዚያ ወዲያ ጎህ ሲቀድ ይወጣሉ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ይገባሉ። ወፍ ብልጥ ነውና አንድ ቦታ አይቆሙም፤ ጥሪውንም ይለዋውጣሉ። «አንድ ሰው የቀረው» ሲሉ ግን፣ እሱን ይተዉት፣ የጎረቤቱንም ወፍ ይጠሩብናል ብላ ከለከለቻቸው። ባልየው ሰው ሊስቅብን ነው ብሎ ሲያጉረመርም፣ ወፍ ወይናችንን ከሚጨርሰው ሰው ቢስቅብን ይሻላል አለችው።

ለለቀማው ሁለት ቀን ሲቀር የሽማግሌው ድምፅ ተዘጋ። አፋቸውን ቢከፍቱ የሚወጣው ትንፋሽ ብቻ ሆነ። ምራቲቱ ተክታቸው ጮኸች፤ ድምፅዋ ለስላሳ ነበርና ወፎቹ ዞር ብለው እንኳ አላዩአትም። ያን ጊዜ ባልየው አባቱን አየ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ተጣራ። ቁርጥ የአባቱ ድምፅ! ራሱም ደነገጠ። ሽማግሌው ከሆድህ አውጣው ለማለት ሆዳቸውን መታ መታ አደረጉ፤ ዓይናቸው ግን እንባ አቅርሮ ነበር።

ዳር ያለው ረድፍ ለወፎቹ ቀረ፤ ሌላው ተረፈ። ለቃሚዎቹ ሙቀቱ ሳይበረታ በማለዳ ቆርጠው ጨረሱ፤ ከወይን ጠጅ መጥመቂያው የመጣው ሰውዬም አንድ ፍሬ ቀምሶ ራሱን በእሺታ ነቀነቀ። መኪናው ተጭኖ ሲሄድ ምራቲቱ አንድ ዘለላ ይዛ ከአማቷ አጠገብ ባዶ ሣጥን ላይ ተቀመጠች። ሽማግሌው ከሰጠቻቸው አንዷን ፍሬ ጎርሰው አጣጣሟት።

«ለካ እንዲህ ይጣፍጣል» አሉ፣ ገና በተዘጋ ድምፅ።

«እስከ ዛሬ አልቀመሱም እንዴ?»

«ማን ብላ አለኝና።»

ምራቲቱ ዘለላውን እንዳለ ጭናቸው ላይ አስቀመጠችላቸውና ሌላ ልታመጣ ተነሣች።