ደርሷል

መሐመድአሚን ማክሰኞ ረፋድ ላይ አረፈ፤ እንደ ሃይማኖቱ ሥርዓትም በዚያው ዕለት ተቀበረ። አርባ ዓመት በካዛንቺስ ጎረቤቴ የነበረውን ሰው ሞት እኔ የሰማሁት ግን ቅዳሜ ማታ ነው።

ሰፈራችን ፈርሶ ከተበታተንን ወዲህ የሚያገናኘን እድራችን ብቻ ነበር። ዘንድሮ ግን እድሩ ለፋፊውን አሰናብቶ መርዶ በስልክ መተግበሪያ መንገር ጀመረ።

እሑድ በስብሰባው ላይ ጸሐፊዋ እጸገነት «መልእክት ደርሷቸው ከቀብር የቀሩ ተቀጪዎች» ብላ የመጀመሪያውን ስም ስታነብ የእኔ ሆነ። የሟች ሚስት ረውዳ ፊቷን አዞረችብኝ።

«ለእኔ ማን ነገረኝ?» አልኩ ተነሥቼ።

«አባባ፣ አፑ እኮ ደርሷል ይላል።»

አፕ የማትጭነውን ባለቁልፏን ስልኬን አውጥቼ አሳየኋት። «በየት በኩል ደረሰ?»

«ይቺ እንኳ ሙዚየም ነው የምትደርሰው!» አለ አንዱ ከኋላ፤ ብዙዎች ሳቁ።

እጸገነት ስልኳን ነካካች። «ማለቴ... ስሙ ለተመዘገበ ሁሉ ደርሷል ነው የሚለው። በቃ፣ ቅጣቱን እንሰርዝልዎታለን።»

«ቅጣቱን ተዪው! በሐሰት የመሰከራችሁብኝ እዚህች ሴት ፊት ነው። ለእርሷ ንገሪያት።»

እጸገነት ወደ ረውዳ ዞራ «አልነገርናቸውም» አለች።

«እኔ እኮ ሦስት ቀን ሙሉ በሩን በሩን ሳይ ነበር» አለች ረውዳ። «ከዚህ ሁሉ አባል ደውሎ የሚነግረው አንድ ሰው አጣችሁ?»

ከጎኗ ቦታ ለቀቀችልኝ። ተቀምጬ፣ ከአምስት ቀን በኋላ፣ «አላህ ያጽናሽ» አልኳት።