ደሴ ያወራው በረዶ

«ጋሽ ጉግሳ፣ ይሄም ቀዘቀዘ እኮ! ኧረ ፉት ይበሉለት።»

ጎረቤታቸው ከድጃ ብርጭቆውን አነሳችና በሌላ ትኩስ ሻይ ቀየረችው። ጋሽ ጉግሳ ቀና ብለው አመሰገኗት፤ ሻዩን ግን አልነኩትም። ከምድር ባቡር ሠራተኞች ሠፈር፣ ከቤታቸው ደጃፍ የእድሩ ድንኳን ተተክሏል። ሸራው የአዋሽን ፀሐይ ይከልል እንጂ ሙቀቱን አይመልስም። አንድ ልጃቸውን ደሴን ትናንት ነው የቀበሩት። ሐዲድ ሲጠግን ውሎ ብርድ ብርድ አለኝ ብሎ ተኛ፤ ወባው ሳምንት እንኳ አላቆየውም።

ከኋላቸው አግዳሚው ላይ ሁለት ሰዎች ይንሾካሾካሉ።

«አባትና ልጅ አይነጋገሩም ነበር አሉ።»

«አንድ ቤት እየኖሩ?»

«የምን አንድ ቤት! ልጁ የሚያድረው ከጥገና ሠራተኞቹ ጋር አሮጌ ፉርጎ ውስጥ ነበር። ሲታመም ነው ተሸክመው ያመጡለት።»

ጋሽ ጉግሳ ኮሪያ ላይ መድፍ ግራ ጆሯቸውን ስለጎዳው ሰው ሁሉ የማይሰሙ ይመስለዋል። በቀኙ ሁሉንም ሰሙ። እውነት ስለሆነ አልተቆጡም።

ወደ ኮሪያ ሲዘምቱ የቃኘው ሻለቃን ወደ ጅቡቲ የጫነው ባቡር አዋሽ ላይ ቆሞ ነበር። ያኔ ሚስት የላቸው፣ ልጅ የላቸው። ጣቢያው ደጃፍ ያሉትን ዛፎች በመስኮት አይተው «በሕይወት ከተመለስኩ እዚህ ጥላ ሥር እቀመጣለሁ» አሉ። ተመለሱ። ጣቢያው ውስጥ ሥራ ያዙ፣ ውባንችን አገቡ፣ ደሴ ተወለደ።

አመሻሽ ላይ ከሥራ ሲወጡ የሠፈሩ ልጆች ይከቧቸዋል። የሚፈልጉት አንድ ወሬ ነው፤ የኮሪያውን በረዶ። በረዶ አይተው ለማያውቁ የቆላ ልጆች ጋሽ ጉግሳ ሰማዩ ድምፅ ሳያሰማ እንዴት እንደሚወርድ፣ ተራራው ባንድ ሌሊት እንዴት አመልማሎ እንደሚመስል፣ ኮዳ ውስጥ ያለው ውሃ እንዴት ድንጋይ እንደሚሆን ያወሩላቸዋል። ደሴ በቃሉ ይዞታል። አንዲት ነገር ከተዘለለች «አባባ፣ ኮዳውን ረሳኸው!» ይላል።

የሶማሊያ ጦር የገባ ጊዜ ደሴ ማንንም ሳያማክር ተመዘገበ። ውባንች ያን ጊዜ በሕይወት የለችም። አባትየው ጣቢያው ድረስ ሸኙት፤ ሲሰናበቱት «ስትመለስ ደግሞ አንተ ታወራለህ፣ እኔ እሰማለሁ» አሉት። ደሴ ሳቀ።

ተመለሰ። የተመለሰ ዕለት ጎረቤቱ ሁሉ ቤታቸው ሞላ። «እስቲ አውራን» ቢሉት «ምንም የሚወራ የለም» አለና አቀረቀረ። ቤቱ ጭር ሲል ጋሽ ጉግሳ ነገሩን ለማለዘብ ብለው የጥንቱን በረዶ ጀመሩ። ገና ኮዳው ጋ ሳይደርሱ ደሴ ተነሥቶ ቆመ።

«በቃ አባባ! ይሄን ነገር ሁለተኛ እንዳታነሣብኝ!»

በሩን ከፍቶ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ሠፈሩ የበረዶውን ወሬ አልሰማም። አባትና ልጅ ሲገናኙ «እንዴት አደርክ»፣ «እንዴት አደርክ» ይባባላሉ፤ ሌላ ቃል የላቸውም። ጋሽ ጉግሳ የገባቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ልጄ ትልቅ ጦርነት አይቶ መጣና የእኔን ናቀው። ለሰው አልተናገሩትም። አመሻሽ ላይ ከዛፉ ሥር ብቻቸውን መቀመጥ ለመዱ።

በሰልስቱ ጠዋት የቀበሌው ሊቀመንበር መጥቶ «ጓድ ደሴ ለእናት አገሩ የተዋደቀ ጀግና ነበር» ሲል ቆሞ ተናገረ። ለቀስተኛው ራሱን ነቀነቀ። ጋሽ ጉግሳም አብረው ነቀነቁ፤ ልጃቸው የትኛው ጋራ ላይ እንደተዋጋ እንኳ አያውቁም።

ሊቀመንበሩ ከሄደ በኋላ አንድ አቧራ የለበሰ ሰው ከድንኳኑ በር ላይ ሲደርስ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ።

«ደሴ! ወንድሜ! እኔን ጥለህ?»

እዚያ ካሉት ማን እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም። ከድጃ ደግፋ አስቀመጠችው። ፀሐዩ ሲበረታ ለቀስተኛው ወደየቤቱ ተበተነ፤ እንግዳው ብቻ አግዳሚው ጫፍ ላይ ቀረ።

«ከወዴት ነህ ልጄ?» አሉት ጋሽ ጉግሳ።

«ከዱብቲ ነው የመጣሁት አባባ። ከድሩ እባላለሁ፤ ጥጥ እርሻው ላይ ትራክተር እነዳለሁ። የአሰብ መኪና ሾፌር ነው ያረዳኝ። ለቀብሩ አልደረስኩም። አላህ ሰብሩን ይስጥዎ።»

«አሜን። ከደሴ ጋር የት ተዋወቃችሁ?»

«ጦር ሜዳ ነዋ። የመጀመሪያ ቀን አገርህ የት ነው ሲለኝ ደሴ አልኩት። ስሜን ማን ነገረህ አለኝ።» ከድሩ ሳቅ ሊል ሞከረና አቃተው። «ከሐረር ወዲያ አንድ ጋራ ላይ አብረን ተከበብን። ውሃ የሚያመጣልን ቦቴ ተመታ። አባባ፣ ጥም እንዴት እንዳረገን ልነግርዎ አልችልም። ምላሳችን ካፋችን አልገባ አለ። ያኔ ነው እርስዎን ያወቅንዎ።»

«እኔን?»

«በረዶውን። ፀሐይ ስትጠልቅ ደሴ ያወራልናል። ሰማዩ እንዴት እንደሚወርድ፣ ኮዳው ድንጋይ እንደሚሆን። አባባ እንዲህ አለ፣ አባባ እንዲህ አረገ ይለናል። ወላሂ፣ ገላችን ቀዝቀዝ ይል ነበር! የሚያስመሸን እሱ ነው። ቀን ሙሉ ስንነድ እንውልና 'ደሴ፣ በረዶውን አምጣው' እንለዋለን።»

ጋሽ ጉግሳ ቀኝ ጆሯቸውን ወደ እሱ አዞሩ።

«ታዲያ እኔ ሳወራው ለምን ጠላብኝ?»



«ገብረሥላሴ የሚባል ልጅ ነበረን። ሆዱን ተመታ። ውሃ፣ ውሃ ይላል፤ ከየት ይምጣ? ደሴ ራሱን ታፋው ላይ አስተኝቶ በረዶውን ያወራለት ጀመር። ሲጨርስ ልጁ 'ድገመው' ይለዋል። ይደግመዋል። እንደገና 'ድገመው' ይለዋል። ድምፁ እስኪዘጋ ደገመለት። ልጁ ዝም ካለ በኋላም አላቆመም፤ እኔ ነኝ አፉን በእጄ የያዝኩት።» ከድሩ ፊቱን በክንዱ ጠረገ። «ከዚያ ወዲያ በረዶ የሚል ቃል ካፉ አልወጣም። አንድ ጊዜ ዱብቲ ሊጠይቀኝ መጣ። ጥጡ ፈንድቶ ሜዳው ነጭ ሆኖ ነበር። ሲያየው ቆመና 'አባባን እዚህ ባመጣው' አለኝ። አምጣው ስለው ፊቱን አዞረ።»

«አባባን ባመጣው፣ አለ?»

«እንዲህ ነው ያለኝ።»

ጋሽ ጉግሳ ዓይናቸውን ወደ ጣቢያው መለሱ። ይህን ሁሉ ዓመት ልጃቸው ከዚያ ፉርጎ ውስጥ ብቻውን፣ እሳቸው ከዛፉ ሥር ብቻቸውን፣ በመካከላቸው ያለው ሐዲድ ብቻ ነበር።

«ምነው አንድ ቀን ቢነግረኝ!»

«ምን ብሎ ይንገርዎ አባባ? እርስዎ ደስ ብሎዎት የሚያወሩትን?»

«ደስ ብሎኝ...» አሉ ጋሽ ጉግሳ። «ያ በረዶ ክፉ ነበር ልጄ። ለልጅ የሚሆነውን እየመረጥኩ ነው ያወራሁት። አንድ ጓደኛ ነበረኝ፤ ቆስሎ አንድ ጉድጓድ ውስጥ ሌሊቱን እጁን ይዤ አደርኩ። እንዲሞቀው ብዬ አሻሸዋለሁ፣ አጫውተዋለሁ። ሲነጋ የያዝኩት እጅ እንደ ኮዳው ሆኗል። ጣቶቼን ማላቀቅ አቅቶኝ ሌሎች ናቸው ያላቀቁን። ይሄን ለውባንች አልነገርኩም። ለደሴም አልነገርኩም። የተመለሰ ለት ይሄኛውን ባወራለት ኖሮ...»



ከድሬዳዋ የመጣው ባቡር ገብቶ ኖሮ ከጣቢያው በኩል የልቅሶ ድምፅ ተሰማ። የደሴ የሥራ ባልደረቦች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወደ ድንኳኑ ይመጣሉ። ከድሩ አይኑን ጠራረገና ለእንግዶቹ ቦታ ሊለቅ ከአግዳሚው ተነሣ።

«የት ትሄዳለህ?» አሉት ጋሽ ጉግሳ።

«ውጭ ልቁም ብዬ ነው አባባ።»

ሽማግሌው ሐዘንተኛ የሚቀመጥበት ፍራሽ ላይ ጠጋ አሉ። አጠገባቸው ባዶ የሆነውን ቦታ በመዳፋቸው አቧራውን አራገፉለት። ከድሩ ለአፍታ አመነታ፤ ከዚያ ጫማውን አውልቆ ገባና ጎናቸው ተቀመጠ።