የሃርም ፍርድ

ሃርም ከአሳማዎቹ ባልተናነሰ ይገማ ነበር፤ አሜሪካ ውስጥ፣ በዚያ የአይዋ ገበሬ ሰፈር ይህን የማያውቅ የለም። ያም ሆኖ የሟች ወንድሙን ሚስት፣ ሂልከን፣ ባየ ቁጥር «ሴት ደግሞ አሳማ ታረባለች?» እያለ ያላግጥባታል። አማቷ ሽማግሌው ኡቦ ጭቅጭቁ ቢሰለቻቸው ቁርጡን ነገሯቸው።

«የእርሻ ኮሌጁ ሰውዬ የሁለታችሁንም ጋጣ ፎቶ አንስቶ የለ? ትምህርት ቤት መጥቶ ሲያሳየን እናያለን። አሳማው ያማረለት ጋጣውን በሙሉ ይይዛል፣ ሌላው ይታዘዛል።»

ለሂልከ ነገሩ ቀልድ አልነበረም። ሃርምን ከመታዘዝ ጓዟን ጠቅልላ ብትሄድ ትመርጥ ነበር፤ ግን ወዴት ትሄዳለች?

ቀኑ ደረሰና የትምህርት ቤቱ መስኮት በብርድ ልብስ ተሸፈነ። የኮሌጁ አስተማሪ፣ አንገቱን በአንገትጌ ያነቀ ወጣት፣ ፎቶ የታተመበትን መስታወት ይዞት በመጣው የፎቶ ማሳያ ፋኖስ ፊት ሰክቶ ግድግዳው ላይ አበራው። ንጹሕ ጋጣ፣ ሆዷ መሬት የሚነካ እናት አሳማ።

«አሳማ ማለት እንዲህ ነው» አለ።

በዚያ አገር ሰው አሳማን በመልኩ አይለይም፣ ጆሮውን ነው የሚያየው። ግልገል ሲወለድ ጆሮው በምልክት ይቆረጣል፤ የሃርም ግራው፣ የሂልከ ቀኙ። የዚችኛዋ የተቆረጠው ግራዋ ነበር። ቤቱ ለሃርም አጨበጨበ። ሂልከ ዐይኗን ማመን አቃታት፤ በአሬራ ያሳደገቻትን የራሷን ግሪትን ቁርጥ ነበረቻ!

ሁለተኛው መጣ። እስከ ጉልበታቸው ጭቃ የዋጣቸው፣ ጎድናቸው የሚቆጠር አሳማዎች። ቀኝ ጆሯቸው ተቆርጧል። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሃርም የገዛ አሳማዎቹን ሳያውቅ ቀርቶ ይሁን አውቆ፣ እሱን እግዜር ይወቀው፤ ብቻ ደረቱን ነፍቶ ተነሳ።

«አባባ፣ እንዲህ ያለ ሰው አሳማ ቀርቶ ዶሮም አይሰጠው!»

ሂልከን ማልቀስ አማራት፤ ግን ሃርም ፊት አታለቅስም። ጆሮውን ትታ ከጋጣው ጀርባ ያለውን ማየት ጀመረች።

«አባባ፣ ከጋጣው ሆነው ሲያዩት የንፋስ ወፍጮዎ ከጎተራው በየት በኩል ነው?»

«በቀኝ ነዋ። ራሴ አይደለሁ የተከልኩት?»

«እዚህስ?»

ሽማግሌው ተነስተው ግድግዳውን በከዘራቸው ነካ ነካ አደረጉት። ወፍጮው በግራ ቆሟል።

«ማን ፈቅዶለት ተሻገረ?» አሉ።

«አባት፣ ይህን መስታወት ስንት አገር አሳይቼዋለሁ» አለ አስተማሪው። «አንድም ሰው ቅር አላለው።»

«እነሱ የኔን ወፍጮ የት ያውቁታል? ገልብጠህ ስካው።»

ገልብጦ ሰካው። ወፍጮው ወደ ቦታው ተመለሰ፤ የተቆረጠውም የአሳማዎቹ ግራ ጆሮ ሆነ። የመጀመሪያውንም ገለበጠው፤ ግሪትም የተቆረጠ ቀኝ ጆሮዋን አገኘች። ለካ ሰውዬው ሁሉንም በጀርባቸው ነበር የሚሰካቸው። ከዚያ ሁሉ ገበሬ ከጆሮ አልፎ ያየ አልነበረም።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ሃርም እንደቆመ ቀረ።

«እኔ እንኳ ለማለት የፈለግኩት…»

«ሰምተንሃል፤ ተቀመጥ» አሉት ኡቦ። «ሂልከ ልጄ፣ ከነገ ጀምሮ ጋጣው ሁሉ ያንቺ ነው። እሱም ያዘዝሽውን ይሠራል።»

ሂልከ እፎይ አለች። ከዚያ ሃርምን ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ዶሮዎቹንስ ይጠብቅ፣ አባባ?»

«እሱንማ ራሱ ፈርዷል» አሉ ሽማግሌው። «እንዳትሰጪው።»