በሀይዌይ ሠላሳ የሚደረስባት ቶኪዮ

ግዛቸው ቶኪዮ ሊሄድ መሆኑን ያልሰማ ሐበሻ በዳላስ ቢኖር፣ ያ ሰው ወይ ሕፃን ነው ወይ ታሞ ተኝቷል። ኤርፖርት ሻንጣ ሲጭን ዓመት የሞላው ሠራተኛ፣ አውሮፕላኑ ላይ ትርፍ ወንበር ከተገኘ በነፃ ይሳፈራል። ግዛቸውም ዓመቱ በሞላ ሳምንት፣ ከቅዳሴ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ላይ ቆሞ አፉን ሞልቶ ተናገረ። "ከተገኘ" የምትለዋን ብቻ ዋጥ አደረጋት።

ነገሩ የጃፓን ፍቅር ይዞት አልነበረም። እትዬ አስካለማርያም አጠገቡ ቆመው ነበር፤ ከጎናቸው ደግሞ የእህታቸው ልጅ ዕፀገነት። ግዛቸው ይህችን ልጅ ሲወዳት ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ግን "ደህና ዋልሽ?" ከማለት አላለፈም። የእትዬን ቤት ደግሞ ሳይጠራ የሚረግጥ ጎረምሳ የለም። እሳቸው ናቸው እንግዲህ ያን ዕለት፣ "ስትመለስ በሳምንቱ እሑድ እኛ ቤት ምሳ ትበላለህ፤ የጃፓንን ነገር ታጫውተናለህ" ያሉት። ዕፀገነትም ፈገግ አለች። እሱ እዚያው ቆሞ ቶኪዮ ደርሶ ተመለሰ።

አርብ ሙሉ ልብሱን ለብሶ አውሮፕላኑ በር ላይ ስሙ እስኪጠራ ጠበቀ። ባለ ትኬቱ ሁሉ ገባ። አንዲት አሮጊት ገቡ፣ አንድ ዘግይቶ የመጣ ሰውዬ እየሮጠ ገባ፣ በሩ ተዘጋ። ስንት ሻንጣ ቶኪዮ የላከ ሰው እሱ ራሱ ቀረ።

"ሶ፣ ፍላይቱ ፉል ነበር በላቸዋ!" አለው አብሮት የሚኖረው ባለታክሲው መኳንንት። "ያጋጥማል።"

"ቶኪዮ ከሌለ ምሳው የለም። ምሳው ከሌለ እሷ የለችም።"

መኳንንት አገጩን አከከ። "ኦኬ፣ ስማኝ። ፎርት ዎርዝ የጃፓኖች ጋርደን አለ፤ ፓሴንጀር አድርሼ አውቃለሁ። ድልድይ አለው፣ ዓሣ አለው፣ ቤቱ ራሱ ቁርጥ ጃፓን ነው። ካሜራዬን እይዛለሁ። ደግሞ ነገ የናሆም ሠርግ ነው፤ ሐበሻ በሙሉ እዚያ ስለሚሆን ማንም አያየንም። እኔ ለእራቱ እደርሳለሁ።"

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። ግዛቸው እሺ አለ።

ቅዳሜ ጠዋት ሀይዌይ ሠላሳን ይዘው ወረዱ። መኳንንት ታክሲዋን ጥላ ፈልጎ ፓርክ አደረጋት። ግዛቸው በዚያው በአርቡ ሙሉ ልብሱ ድልድዩ ላይ ቆመ፣ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ፣ ጣሪያው ወደ ላይ የተቀለበሰው ቤት ፊት ለፊት እጁን ኪሱ ከትቶ ኮራ አለ። በየመሐሉ የከብት ነጂ ባርኔጣ የደፋ ቴክሳሳዊ ከኋላው ብቅ ይልና ቶኪዮን ያፈርስባቸዋል። ሁለት ደርባባ ሽማግሌዎች፣ ባልና ሚስት ሲያልፉ መኳንንት ጃፓን መስለውት አብረው እንዲነሱ ለመናቸው። ሰውየው ሳቁ። "እኛ ቬትናሞች ነን፤ ቤታችንም ጋርላንድ ነው" አሉ። ግን ደስ ብሏቸው ተነሱ፤ ግዛቸውንም መሐል አደረጉት።

እየቆየ ሁለቱም የመጡበትን ረሱት። ለዓሦቹ ምግብ ገዝተው በተኑላቸው፤ ክንድ የሚያህል ብርቱካንማ ዓሣ አፉን ከፍቶ ሲመጣ መኳንንት እንደ ሕፃን ጮኸ። አሜሪካ ከመጡ ጀምሮ ሥራ እንጂ ሽርሽር አያውቁም ነበር። ግዛቸው እውነትም ደስ አለው፤ ቶኪዮ ብትቀር አይቆጨኝም እስከማለት ደረሰ።

ያን ጊዜ ነው እልልታ የተሰማው።

ሁለቱ ጮሌዎች አንድ ነገር ዘንግተዋል፤ የዳላስ ሐበሻ ሲያገባ ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ አዳራሽ እስኪገባ ድረስ ፎቶ የሚነሳው የት ሆነና! ናሆም ሙሽራይቱን ይዞ፣ ሚዜዎቹን አስከትሎ ወደ ድልድዩ መጣ። ከሚዜዎቹ አንዷ፣ ወይን ጠጅ ቀሚስ የለበሰችው፣ ዕፀገነት ናት።

"ጎንበስ በል!" አለ መኳንንት፣ ቀርከሃው ውስጥ እየጎተተው።

ግዛቸው ጎንበስ ያለው የቴክሳስ ቀይ ጉንዳን ቤት ላይ ኖሯል። ጉንዳኑ በካልሲው ገባ፣ በሱሪው ወጣ። እልል ቢሉ እሱም በሆዱ እልል አለ፤ መጮህ አይችል፣ መሮጥ አይችል፣ አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ እግሩ ሲነሳና ሲወድቅ ቀርከሃው ነፋስ ሳይኖር ተወዛወዘ። ሠርገኛው ሲሄድ ሱሪውን አውልቆ እዚያው አራገፈ።

በሳምንቱ እሑድ የእትዬን ደጅ ረገጠ። ዓይኑን በጨው አጥቦ ፎቶዎቹን ጠረጴዛው ላይ ደረደረ።

"ወይ ጉድ፣ ንጽሕናው!" አሉ እትዬ መነጽራቸውን አድርገው። "እነዚህስ እነማን ናቸው?"

"ቤታቸው አስገብተው ሻይ የጋበዙኝ ናቸው፣ እትዬ።"

"አየሽ ዕፀ፣ ሰው የሚወደው ልጅ!" አሉና ትልቅ ጉርሻ ጠቅልለው ወደ አፉ ዘረጉ። ዕፀገነት አገጯን በእጇ ደግፋ ስታየው ቆየች።

"ጉንዳንስ አለ ወይ፣ ቶኪዮ?" አለች።

ግዛቸው እንደታየ ገባው። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብሎ ስለ ጃፓን ጉንዳን ሊያወራ አሰበ። ግን የእትዬ እጅ ጉርሻውን እንደያዘ አፉ ላይ ቆሟል፤ በዋሸበት አፍ ያን መቀበል ከበደው።

"እትዬ፣ አያጉርሱኝ" አለ። "ቶኪዮ አልሄድኩም። ፉል ነው ብለው መለሱኝ። ይሄ ፎርት ዎርዝ ነው፤ ሰዎቹም የጋርላንድ ናቸው። ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

ሊነሳም ወንበሩን ገፋ። እትዬ በሌላ እጃቸው ትከሻውን ይዘው አስቀመጡት።

"ቁጭ በል! ይቺ ቅዳሜውኑ ነግራኝ ሳምንቱን ሙሉ ስንስቅ ነው የሰነበትነው። ምነው፣ ዝም ብለህ አትመጣም ነበር?"

"ቶኪዮ ባይኖር ማን ይጠራኝ ነበር፣ እትዬ?"

"ሞኝ! ይቺ ልጅ 'ያ ዝምተኛው አንድ ቀን ምሳ ይጠራ' እያለች መች አስቀመጠችኝ? ሰበብ ስፈልግ ነው ጃፓንን ያመጣህልኝ። ክፈት አፍህን!"

ግዛቸው አፉን ከፈተ። ፊቱ ቲማቲም መስሎ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ጎረሰ። ዕፀገነት ደግሞ ቦርሳዋን ከፍታ አንድ የሠርግ ፎቶ አወጣችና ከቶኪዮዎቹ በላይ አስቀመጠችው። ሙሽሮቹ ድልድዩ ላይ ቆመዋል፤ ከኋላቸው ቀርከሃው ውስጥ አንድ እግሩን ያነሳ ሙሉ ልብስ የለበሰ ሰው ይታያል።

"ይሄ ይሻላል" አለች። "ቅዳሜ ኦፍ ነኝ፤ ሥራ አልገባም። ቶኪዮን አሳየኛ።"

ግዛቸው ጉርሻውን እንደምንም ዋጠ። "እሺ" አለ። "ጉንዳን በሌለበት በኩል።"