መብራቱን የማይቀንሰው ሰው

አርብ ጠዋት ነበር፤ በዚህ ወቅት ዘግይቶ ነው የሚነጋው፣ ገና ጨለማ ነው። ሶፉስ እንደ ወትሮው ከባይኒር ጎን ተቀምጦ ወደ ክላክስቪክ ከተማ እየሄደ ነው። ጉልበቱ ላይ በጨርቅ የተጠቀለለ፣ በነፋስ የደረቀ የበግ እግር ይዟል፤ ባይኒር ከተማ ወዳለው ሥራው ሲሄድ በየሳምንቱ ስለሚያደርሰው ለውለታው የሚሰጠው ነው። የሁለቱም ሰዎች በጎች አንድ ተራራ ላይ ይግጣሉ፣ መከር ሲደርስ አንድ ቀን ይታረዳሉ፣ ሥጋውም በባይኒር የሣንቃ ጎጆ ውስጥ ጎን ለጎን ተሰቅሎ ይደርቃል። ከወጣትነታቸው ጀምሮ እንዲህ ነው የኖሩት።

ራዲዮው የባሕሩን ሁኔታ ተናግሮ ሲያበቃ ስለ አንድ የመኪና ዓይነት ማውራት ጀመረ። ፋብሪካው መኪኖቹን በሙሉ ለነጻ ጥገና ወደ ጋራዥ ጠርቷል። የፊት መብራታቸው ወደ ትንሿ መብራት ሲቀነስ የኋላ መብራቶቹ ሊጠፉ ይችላሉ፤ ሹፌሩ ፊት ያለችው አረንጓዴ ምልክት ግን እንደበሩ ታሳያለች።

ሶፉስ የበጉን እግር በሁለት እጁ ጨመቀው።

«ባይኒር! ሰማህ? የኔ መኪና እኮ ነው! ይሄ ያንተም!»

«ሰማሁ» አለ ባይኒር፤ እጁን ሰዶም ራዲዮውን ቀነሰው።

«ምን ትቀንሰዋለህ? ይድገመው እንጂ!»

«አይደግሙትም።»

ሶፉስ ሳቀ። ዓይኑ እንባ ሞላ፤ ደግሞ ሳቀ። ከዓመት በላይ ተሸክሞት የኖረው ነገር በአንድ የራዲዮ ዜና ከላዩ ወረደ።

ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ የራሱን መኪና እየነዳ በዚሁ መንገድ ሲሄድ ነበር። ከፊታቸው ያለው ዋሻ መብራት የለውም፤ ስፋቱም አንድ መኪና ብቻ ነው የሚያሳልፈው። ወደ ከተማ የሚሄድ ሰው ከፊቱ መብራት ሲያይ ግድግዳው ተቦርቡሮ ከተሠሩት ኪሶች ወደ አንዱ ይገባና ያሳልፋል። ኪስ ውስጥ የቆመ ደግሞ የመጪውን ዓይን እንዳይወጋ መብራቱን ወደ ትንሿ ይቀንሳል። የመንግሥት ትእዛዝ አይደለም፤ ልጅ መንዳት ሲማር ከአባቱ የሚወርሰው ጨዋነት ነው። ሶፉስ ኪስ ገባ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳበ፣ እግሩን ከፍሬኑ ላይ አነሣ፣ መብራቱን ቀነሰ። ከኋላው የመጣችው ሱኒቫም ለማሳለፍ ወደዚያው ኪስ ታጠፈች። የቆመ መኪና አልታያትምና ከኋላው ገጨችው።

ሱኒቫ የመንደሩ ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ተጫዋች ናት። የግራ እጇ አጥንት ተሰባበረ፤ ጣቶቿ ዛሬም በቅጡ አይታጠፉም። ከዚያ ወዲህ እሁድ እሁድ ምእመኑ ያለ ኦርጋን ይዘምራል። ሶፉስን ማንም ክፉ ቃል አልተናገረውም። እሱ ግን መዝሙር ከመጀመሩ በፊት ያለችውን ዝምታ መቋቋም አቃተው። መጀመሪያ ወደ ኋላ ወንበር ተዛወረ፤ ቆይቶ መምጣቱንም ተወ።

መኪናውን የመረመረው ባይኒር ነበር፤ የከተማው ጋራዥ ኃላፊ እሱ ነው። «መብራቶቹ ጤነኛ ናቸው» አለው ያን ጊዜ፣ ትከሻውን ይዞ። «የመብራቱን መዘውር አንድ እርከን አሳልፈህ ነው ያዞርከው። አጥፍተኸዋል። ጨለማ ነው፣ ጣትም ያረጃል፤ ማንም ላይ ይደርሳል።» ሶፉስ ትንሿ ላይ እንዳቆመው እርግጠኛ ነበር፤ አረንጓዴዋን ምልክትም አይቷል። ነገር ግን የተናገረው ባይኒር ነው። ስለዚህ ዓይኑን ትቶ ባይኒርን አመነ፤ መንጃ ፈቃዱንም በገዛ እጁ ወስዶ መለሰ።

«አላጠፋሁትም ማለት ነው» አለ አሁን። «ሰውዬ፣ አላጠፋሁትም እኮ! አንተም ተታልለሃል፣ እኔም ተታልያለሁ። ምን ሆነህ ነው ፊትህ የጠቆረው? ደስ ይበልህ እንጂ!»

«ደስ ብሎኛል።»

«ደስታህ እንዲህ ከሆነ ኀዘንህን አያሳየኝ።»

ባይኒር አልሳቀም። ዋሻው ዋጣቸው፤ ራዲዮውም ፀጥ አለ። ጥቂት እንደሄዱ ከፊታቸው ሁለት ነጭ ነጥቦች ታዩ። ባይኒር ኪስ ውስጥ ገብቶ ቆመ። መብራቱን ግን አልቀነሰም። መጪው የጭነት መኪና መብራቱን ብልጭ ድርግም አደረገ፤ ምን ማለቱ እንደሆነ እዚህ አገር ሕፃን ያውቃል።

ሶፉስም ያውቃል። ባይኒር እንዲህ ሲያደርግ አዲስ አይደለም። ማርዩን የምትባለው የአውቶቡስ ሹፌር ሱቅ ውስጥ ሰው ሁሉ ፊት «አንተ ባለ ጋራዥ፣ ከተማ ገብተህ ምግባርህን ሸጥከው እንዴ?» ብላዋለች። «ዓይኔ ደክሟል» ነበር መልሱ። ሶፉስ ራሱ አብሯት ስቆበታል።

መቼ ነበር? ማርዩን ስትናገር ባይኒር በጉን የሚያርድበትን ቢላዋ ሊገዛ ሱቅ ገብቶ ነበር። የእርድ ሰሞን ነው። እርድ ደግሞ ጥቅምት ላይ ነው፤ ባለፈው ዓመት ጥቅምት። ኅዳር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

«ቀንሰው» አለ ሶፉስ።

«ምኑን?»

«መብራቱን። የሰውየው ዓይን እኮ ጠፋ።»

የባይኒር እጅ መዘውሩ ላይ አረፈ፤ አልዞረም። ዓይኑ ከፊት ወደሚመጣው መኪና አልሄደም። ወደ መስታወቱ፣ ወደ ኋላ ነው ያየው።

«ከኋላችን ማንም የለም» አለ ሶፉስ ቀስ ብሎ። «ለምን ፈራህ?»

የጭነት መኪናው ጥሩንባውን እየነፋ አለፋቸው። 

«ታውቅ ነበር።»

«ሶፉስ...»

«ከኔ በፊት ታውቅ ነበር። አንተ ራስህን ጠበቅህ።»

ባይኒር ግንባሩን መሪው ላይ ደገፈ። «በበጋው አንድ መኪና ላይ አየሁት። ለመኪናው አስመጪ ድርጅት ነገርኩ። ‹ፋብሪካው ሳያረጋግጥ አንዲት ቃል እንዳትወጣህ፣ የጋራዡን ውክልና እንነጥቃችኋለን› አሉኝ። ሌላ አገር ማን ኪስ ውስጥ ቆሞ መብራት ይቀንሳል? አላመኑኝም። ቶሎ ይጣራል ብዬ ነበር።»

«ለነሱ ዝም አልክ። ለኔስ? አንድ ጎጆ ውስጥ ቆመን ሥጋ ስንሰቅል፣ ‹ሶፉስ፣ መብራትህን አትቀንስ› ማለት አቃተህ?»

«ልነግርህ ነበር። ከዚያ ነገሩ ደረሰ። ከደረሰ በኋላ ደግሞ ምን ብዬ ልጀምር?»

«የጀመርከውማ ‹ጣትህ አርጅቷል› ብለህ ነው።»

 ሶፉስ ጣቶቹን ተመለከተ፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ማንኪያ ሲይዙ፣ ቁልፍ ሲከፍቱ በጥርጣሬ ሲያያቸው የኖረውን ጣቶች።

«ከዋሻው ስንወጣ አዙር» አለ። «ሱኒቫ ቤት እንሄዳለን።»

«ስማኝ፤ ፋብሪካው ነው በላት። እውነት ነው እኮ! አንተ ነጻ ወጣህ፣ በቃ። የኔ ስም ምን ይጨምርላታል? መንደሩ ውስጥ እንዴት አድርጌ እኖራለሁ?»

«እኔ እንደኖርኩት።»

ባይኒር መኪናውን አዞረ፤ ወደ መንደሩ ተመለሱ። ሱኒቫ በሩን የከፈተችው በቀኝ እጇ ነው። ራዲዮውን ሰምታለች፤ ሶፉስን ስታይ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች።

«ጋሼ ሶፉስ፣ እኔ ልመጣ ስነሣ እርስዎ ቀደሙኝ! ይቅር ይበሉኝ። አፌ ባይናገርም በልቤ ስንቴ ከስሼዎታለሁ።»

«ልክ ነበርሽ፤ እኔም ራሴን ስከስ ነበር። አሁን ባይኒር የሚነግርሽ አለው።»

ባይኒር ቆቡን አውልቆ ጨበጠ። «ያው እንደሰማሽው ነው። ጥፋቱ የፋብሪካው ነው። ሽቦው...»

«ቀጥል» አለ ሶፉስ።

«ሽቦው ሲሠራ ጀምሮ...»

«ቀጥል።»

 ሱኒቫ አንዴ አንዱን፣ አንዴ ሌላውን አየች። ደረቷ ላይ አጥፋ የያዘችው ግራ እጇ ቀስ ብሎ ወረደ።

«መቼ ነው ያወቅከው?» አለችው።

«...በበጋው።»

«የቱ በጋ?»

«ከአደጋው በፊት ያለው።»

ሱኒቫ አልጮኸችም። «ሐኪም ቤት አበባ ይዘህልኝ መጥተህ ነበር» አለች። «እኔም አመስግኜህ ነበር።» ከዚያ ፊቷን ወደ ሶፉስ መለሰች። «ጋሼ ሶፉስ፣ እርስዎ ይግቡ።»

«ሌላ ጊዜ እመጣለሁ፣ ልጄ። አሁን ትንሽ በእግሬ ልሂድ።»

ውጭ ባይኒር እንደ ልማዱ ቀድሞ ሄዶ የመኪናውን በር ከፈተለት። ሶፉስ ጎንበስ ብሎ የበጉን እግር ከወንበሩ ላይ አነሣና ብብቱ ውስጥ ሸጎጠው።

«ሌሎቹን የበግ እግሮች በቤቴ ጓሮ በር አስቀምጥልኝ» አለ። «የኔን ከጎጆህ አውጣቸው።»

«ሶፉስ፣ በጎቹንስ?»

ሶፉስ በባሕሩ ዳር መንገድ ወደ ቤቱ መራመድ ጀመረ። ትንሽ ቆይቶ መኪናው ከኋላው መጣ፤ ብርሃኑ ጥላውን አስረዝሞ ከፊቱ ጣለው። አጠገቡ ሲደርስ ዝግ አለ፤ መስኮቱም ወረደ። ሶፉስ ዞር ብሎ አላየም። መኪናው ጥቂት ጠበቀው፣ ከዚያ አልፎት ሄደ።

ያን ጊዜ ቀና አለ። ሁለቱ የኋላ መብራቶች ደምቀው፣ ቀልተው፣ አንዳቸውም ሳይርገበገቡ፣ ከመታጠፊያው ጀርባ እስኪሰወሩ ድረስ ይበሩ ነበር።